የመውጫው ዓምድ

ከረፋዱ አራት ተኩል ላይ ጤነኛ ሰው መንገድ ላይ ምን ይሠራል? ጥያቄው የባለሰዓቱ ነው። የጠየቁትም የታናሽ ወንድማቸውን ልጅ ነው፤ ከመድኃኒት ቤት ስትወጣ በር ላይ ድንገት ተገጣጠሙና ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ የኪስ ሰዓታቸውን መዘዙ። በአንድ እጇ የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋለች፤ በሌላው የልጅቷን በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት ይዛለች። እሳቸው ግን ልጅቷንም መድኃኒቱንም አላዩም፤ ያዩት ሰዓቱን ብቻ ነው።

ሰውየው ባለሰዓቱ የተባሉት ዝም ብሎ አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ የሳሙና ፋብሪካ በር ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝገቡ ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ ከመስመሩ በፊት የደረሰ በሰማያዊ፣ ከመስመሩ በኋላ የደረሰ በቀይ ይጻፋል። ጡረታ ከወጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ቀዩ እስክሪብቶ ግን ዛሬም ከደረት ኪሳቸው አልወጣም። የወንድማቸውን ልጅ እዚያው ፋብሪካ፣ የምርት ክፍሉ ጸሐፊ አድርገው ያስቀጠሯት እሳቸው ናቸው። አባቷ ከሞተ ወዲህም፣ ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህም እንደ አባት የቆሙላት እሳቸው ናቸው። ይህን ማንም አይክድባቸውም።

“ተቀነስኩ እኮ ጋሼ” አለቻቸው። “አራት ወር ሆነኝ።”

ባለሰዓቱ ክው አሉ። አራት ወር ሙሉ ምነው ሳትነግሪኝ አሏት። ጸሐፊዋ ላለመናገሯ ምክንያት ነበራት፤ አራት ወር ሙሉ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት የተሰነቀረ ምክንያት። እሱን ዋጥ አድርጋ፣ አሁን ቤት ሆና እንደምትሠራ፣ የድርጅቶችን የስብሰባ ቅጂ በማዳመጫ እየሰማች ወደ ጽሑፍ እንደምትገለብጥ ልታስረዳቸው ሞከረች። እሳቸው “በቃ ቤት ነው የምውለው በይኛ” ብለው አሳጠሩት። ከዚያ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርገው “አይዞሽ፣ እኔ አለሁ” ብለዋት ሄዱ። ያቺን “እኔ አለሁ” ታውቃታለች። ጋሼ አለሁ ካሉ አንድ ነገር ሳይዙ አይመለሱም።

ይዘውም መጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቷ ሚጣ በተኛችበት ሰዓት በሩን ደበደቡት። ለጸሐፊዋ ያቺ ሰዓት ወርቅ ናት፤ ሚጣ የምትተኛው ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው፤ ከባዱ ሥራ፣ ሦስት ሰው በአንድ አፍ የሚጯጯህበት ቅጂ፣ የሚሠራው ያኔ ነው። ሆኖም ይህን በፎቁ ላይ ያለ ማንም ሰው አያውቅም። ፊት ለፊቷ የምትኖረው ባለሱቅ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ባየች ቁጥር “ዘፈኑ እንዴት ይዞሻል?” ትላታለች። ዘፈን! የሲሚንቶ አቅራቢዎች ማኅበር የቦርድ ስብሰባ ነው ዘፈኑ።

ባለሰዓቱ ተቀመጡና የምሥራቹን ተናገሩ። የአንድ መጋዘን ኃላፊ የድሮ ወዳጃቸው ነው፤ ደጅ ጠንተው፣ እጅ ነስተው ለመኑት፤ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሥራ ትጀምራለች፤ መውጫዋ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ስለ ልጅቷም አትጨነቂ አሏት፤ እሱንም ጨርሻለሁ አሉ።

“ምኑን ነው የጨረሱት ጋሼ?”

“አክስትሽ ጋ ትሆናለቻ። ደውዬላት እሺ ብላለች። የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው፤ እኔው ራሴ አደርሳታለሁ። ግቢው ሰፊ ነው፣ አየሩ ጥሩ ነው። በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቅ እያልሽ ታያታለሽ።”

የጸሐፊዋ ደም ፈላ። በዓመት አንዴ! የተኛችውን ልጅ በበሩ ስንጥቅ በኩል አየት አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ያደረገችው ልጅቷን እንዳትቀሰቅስ ነው እንጂ ለጋሼ ብላ አልነበረም።

“ሚጣን የትም አልልክም።”

“በይ ቁጣውን ተዪና አስቢበት” አሉ ባለሰዓቱ በእርጋታ። “ሥራ ማለት በር ያለው ነገር ነው። ሰው ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ወጥቶ፣ በሰዓቱ ይገባል። ይኼ የአንቺ ነገር፣ አትቀየሚኝና፣ ጊዜ ማሳለፊያ ነው። የወንድምህ ልጅ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ምን ልበል? ጆሮዋ ላይ ገመድ ሰክታ ትውላለች?”

“የቤት ኪራዩ የሚወጣው ከዚህ ገመድ ነው። የሚጣ መድኃኒትም እንደዚሁ። ደግሞስ ሲያፍናት ማን ነው አጠገቧ ያለው? አክስቴ ልጅ ሲታፈን አይታ ታውቃለች?”

“ድሮስ አስም ያለበት ልጅ አልነበረም? ሁሉም እናቱ ቤት እየዋለች ነው እንዴ ያደገው?”

“እርስዎ የሚያዩት ያደገውን ነው ጋሼ። ያላደገውን ማን ቆጠረው?”

ባለሰዓቱ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩት። ሰውየው ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ክፉን ሰው በር ዘግቶ ማባረር ይቻላል። እሳቸው ግን ለሰው የሚያስቡት ባወቁት መንገድ ብቻ ነው፤ ያወቁት መንገድ ደግሞ አንድ በር ነው። በበሩ የገባ ሠራተኛ፣ ያልገባ ሥራ ፈት። እንዲህ እያሰበ ስንቱ ደህና ሰው ስንቱን ቤት አፍርሷል!

በመጨረሻ አንድ ነገር ብልጭ አለላቸው። ዓርብ ሙሉ ቀን እዚህ ልዋል፤ እንደ ደንቡ ልመዝግብሽ አሉ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሠርተሽ ከተገኘሽ መጋዘኑን ራሴ ሄጄ እሰርዘዋለሁ፤ ካልሞላሽ ግን ሰኞ ትገቢያለሽ፣ ሚጣም እሑድ ከእኔ ጋር ትሳፈራለች። ጸሐፊዋ እምቢ ማለት ነበረባት። የራሷ ልጅ ጉዳይ በሌላ ሰው ሰዓት የሚለካ አይደለም። ነገር ግን ሰው ሲናደድ ያልሆነ ነገር ውስጥ ይገባል፤ ደግሞም እምቢ ብትል አክስትና አጎት ሁሉ ተጠራርተው ሊመጡባት ነው። “ይዋሉ” አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ሲሆን ባለሰዓቱ በር ላይ ነበሩ፤ አንዲት ደቂቃ አላዛነፉም። ከግድግዳው ሥር ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ ሰዓቱን ጉልበታቸው ላይ፣ በመስመር የተከፋፈለ ደብተር ሌላኛው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ሚጣ መጥታ ሰዓቱን አንስታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፤ እንደ እናቷ መሆኗ ነው። ሽማግሌው ሳቅ አሉና ወዲያው ኮስተር አሉ።

ጸሐፊዋ ሥራ ጀመረች። ማዳመጫውን የምታደርገው በቀኝ ጆሮዋ ብቻ ነው፤ ግራው ሁልጊዜ ለሚጣ ክፍት ነው። ገና አንድ ገጽ ሳትሞላ በሩ ተንኳኳ። ባለሱቋ ናት፤ የቧንቧ ሠራተኛ ይመጣልና ቁልፌን ያዢልኝ፣ ያው ቤት ነሽ አይደል አለቻት። ቀጥሎ የቧንቧ ሠራተኛው ራሱ መጣ። እሱ ቁልፉን ወስዶ ሳይጨርስ የታችኛው ፎቅ ሴትዮ ሕፃኗን “ለአንድ ደቂቃ” አስታቀፈቻት፤ ያቺ አንድ ደቂቃ ሠላሳ አምስት ሆነች። ጋዝ አዳዩ የማንን ሲሊንደር እንዳመጣ እንኳ ሳይናገር በሯ ላይ አራግፎ ፈርሚልኝ አለ። በዚህ መሃል ባለሰዓቱ ውሃ ጠየቁ፤ ቆየት ብለው ሻይ ጠየቁ፤ ቆየት ብለው መነጽራቸው የት እንደገባ ጠየቁ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ዜና እንድትከፍትላቸው አዘዙ። ጸሐፊዋ ሁሉንም እሺ አለች። ውስጧ እርር ድብን እያለ እሺ አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ድንገት ማዳመጫውን አውልቃ ብድግ አለች። ባለሰዓቱ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ሚጣ ከእግራቸው ሥር አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ በቆርኪዎች እየተጫወተች ነበርና ምንም አልሰሙም። እናቷ ግን በግራ ጆሮዋ ሰምታዋለች፤ ያን ቀጭን ፉጨት። ልጅቷን ብድግ አድርጋ ቀና አስቀመጠቻት፣ መድኃኒቱን አፏ ላይ አደረገች፣ “ሳቢ እናቴ፣ ያዢ፣ ልቀቂ” እያለች ትንፋሿን ቆጠረችላት። የሚጣ ጎድን ከቀሚሷ ሥር ገባ ወጣ ይላል። ባለሰዓቱ ቆመው ቀሩ። ትንፋሿ ሲመለስ እናቲቱ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በሁለቱ ክንዶቿ መሃል አድርጋ መጻፏን ቀጠለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ባለሰዓቱ መስመር አሰመሩ፣ ደመሩ፣ ሁለት ጊዜ ደመሩ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም። “አምስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ” አሉ። “የምሳን ሰዓት አውጥቼ ነው። አልሞላም፣ ልጄ።”

“ደብተሩን ይስጡኝ” አለች።

ሰጧት። ያው የድሮው እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ። የሠራችው በሰማያዊ፣ ያቋረጠችው በቀይ። ጎረቤት ቁልፍ አስቀመጠች። የቧንቧ ሠራተኛ። የጎረቤት ሕፃን፣ 35 ደቂቃ። ጋዝ። ከዚያ ደግሞ፦ ተቆጣጣሪው ውሃ ጠየቀ፣ 4 ደቂቃ። ተቆጣጣሪው ሻይ ጠየቀ፣ 13 ደቂቃ። ተቆጣጣሪው መነጽር ጠፋው። ሰውየው ራሳቸውንም አልማሩም፤ በዚህ ቢያንስ ሊመሰገኑ ይገባል። ጸሐፊዋ ልትስቅ ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ ዓይኗ የዘጠኝ ሰዓቱ መስመር ላይ አረፈ። ሕፃኗ ታፈነች፣ 11 ደቂቃ ይላል። በቀይ።

ያኔ አራት ወር የታፈነው ነገር ወጣ።

“ጋሼ፣ አራት ወር ለምን ዝም እንዳልኩዎት ልንገርዎት? ሲቀንሱን ሠራተኛ አስተዳደሩ የእርስዎን መዝገብ ነው ከመደርደሪያ አውርዶ የዘረጋው። ‘ቀይ የበዛበት ይቅደም’ ነው የተባለው። ሃምሳ ሦስት ቀይ አለኝ። ሦስት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ አራት ደቂቃ። ሁሉም ሚጣ አፍኗት ያደረችባቸው ቀኖች ናቸው፤ ሁሉም በእርስዎ እጅ። ያስቀጠሩኝም እርስዎ፣ ያስባረሩኝም እርስዎ። አሁን ደግሞ ልጄን ሊወስዱ መጡ።”

ባለሰዓቱ ቁጭ አሉ። “ያዳላል እንዳይሉኝ ነው” አሉ። “ዘመዱ ናት፣ ያሳልፍላታል እንዳይሉኝ። ለሌላው ሁለት ሦስት ደቂቃ ዓይኔን ጨፍኜ አልፍ ነበር። ላንቺ ግን አላለፍኩም። ስለምወድሽ ነበር የጠበቅኩብሽ።”

“ስለወደዱኝ!” አለች፤ ሳቀች ደግሞ፣ የንዴት ሳቅ። “እሺ ይሁን። ታዲያ ስወጣስ? የአምስት ደቂቃዋን መዘግየት ለማካካስ አንድ ሰዓት አምሽቼ የወጣሁባቸው ቀኖች የት ተጻፉ? ሁሉም ሰው ሄዶ ብቻዬን የምርት ሪፖርት ስጽፍ በእርስዎ በር አይደል የምወጣው? ‘ደህና እደሪ ልጄ’ አይደል የሚሉኝ? መዝገብዎ የመውጫ ዓምድ የለውም?”

ሚጣ ቆርኪዎቿን ታንኳኳለች። ባለሰዓቱ መልስ ፍለጋ ብዙ አልሄዱም፤ ውሸት አይሆንላቸውም።

“አለው” አሉ። “በየገጹ በስተቀኝ፣ የታተመ። የመውጫውን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ባዶ ተውኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዶ ተውኩት።”

“የዛሬውም ያው ነው” አለች ጸሐፊዋ። “ይህ ጽሑፍ ነገ ጠዋት ለባለቤቱ መድረስ አለበት፤ የጎደለውን ሁለት ሰዓት ከሃያ እርስዎ ከሄዱ በኋላ እሞላዋለሁ። አሠሪዎቼ ስንት ሰዓት ገባሽ አይሉኝም፤ ደረሰ ወይ፣ ስህተት አለበት ወይ ነው የሚሉኝ። በአራት ወር አንድ ቀን አላዘገየሁም። እርስዎ ከጠየቁት ስምንት ሰዓት ያጎደልኩት ጎረቤቱም እርስዎም ‘ቤት ናት’ ብላችሁ ስለበላችሁት ነው። የሚጣን አሥራ አንድ ደቂቃ ግን እንዳይነኩብኝ። እሷ የጎደለች ሰዓት አይደለችም።”

ባለሰዓቱ ማዳመጫውን አነሱና “እስቲ” አሉ። አንድ ደቂቃ ቅጂ ከፈተችላቸው፤ ወረቀት ሰጠቻቸው። ሰውየው ያን ንጹሕ እጅ ጽሑፋቸውን ይዘው ጀመሩ፣ አቆሙ፣ መልሽልኝ አሉ፣ እንደገና መልሽልኝ አሉ። አንዷን ደቂቃ ጽፈው ሲጨርሱ ሰዓታቸው ሃያ ሁለት ደቂቃ ሄዷል፤ ያውም የሁለት ተናጋሪዎች ንግግር አምልጧቸዋል። ላባቸውን ጠረጉ። ደብተራቸውን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሱ፣ ደህና እደሪም ሳይሉ ወጥተው ሄዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ጸሐፊዋ በር ላይ ድምፅ ሰምታ፣ አሁን ደግሞ ማን ነው ብላ በንዴት ከፈተችው። ባለሰዓቱ ደረጃው አናት ላይ በበርጩማ ተቀምጠዋል። ባለሱቋ ሥራውን ሊጨርስ ለሚመለሰው የቧንቧ ሠራተኛ ቁልፍ ይዛ ቆማለች፤ እሳቸው እንደ ድሮው እጃቸውን ዘርግተው አግደዋታል።

“ሥራ ላይ ናት” ይላሉ። “መልእክት ካለሽ እኔ ልያዝ።”

“ምን ሥራ? ዘፈን እየሰማች?”

“እኔም እንዳንቺው ብዬ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ቁልፉን አምጪው፣ የቧንቧውን ሰው እኔ እጠብቀዋለሁ። እኔ ነኝ ሥራ የሌለኝ።”

ለጸሐፊዋ ብዙ አላወሩም። ማለዳ መጋዘኑ ሄጄ ሰርዤዋለሁ አሉ፤ ወዳጄ ተቀይሞኛል፣ ይቀየም አሉ። ለአክስትሽም ሚጣ እንደማትመጣ ደውዬ ነግሬያታለሁ አሉ። ይቅር በይኝ ግን አላሉም፤ እሷም ይቅር አላለችም። ንዴት እንደ መብራት አይጠፋም። ሻይ ግን አወጣችላቸው፤ ሰዓቱን ራሷ መርጣ፣ በዕረፍቷ ላይ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በአጭሩ እንዲህ ነው። ከዚያው ፋብሪካ በዚያው ቀይ የተቀነሱ ሁለት ሴቶችን፣ አንዷ የምታጠባ፣ አንዷ የታመመች እናት የምታስታምም፣ ባለሰዓቱ ራሳቸው ቤታቸው ድረስ ሄደው አመጧቸው። ጸሐፊዋ ሥራውን አስተማረቻቸው። አሁን ሥራ ሲመጣ ይከፋፈሉታል፤ የአንዷ ልጅ ሲታመም ሌሎቹ ይሸፍኑላታል፤ ሦስት ሆነው አንዷ ብቻዋን የማትደፍረውን ትልልቅ ሥራ ይቀበላሉ። ጎረቤቱም ልማዱን ተወ፤ በሯ ላይ የሥራ ሰዓቷ ተለጥፏል፣ ያልገባው ካለ ደግሞ በርጩማው ላይ የሚያስረዱት ሽማግሌ አሉ። ሚጣን ሆስፒታል ማሯሯጥ ቀርቷል፤ ፉጨቱ ገና ሲጀምር የሚሰማ ጆሮ ቤት ውስጥ አለና። በርን የሚጠብቅ ሰው ክፋት የለውም፤ ጥያቄው ለማን ብሎ ይጠብቃል ነው። ይህን ለማወቅ ሠላሳ አንድ ዓመትና አንድ ዓርብ ፈጀባቸው።

ባለሰዓቱ አዲስ ደብተር ገዝተዋል፤ ሦስቱም ሴቶች የጀመሩበትና ያበቁበት ሰዓት ይጻፍበታል። አሠሪ ሥራው ይህን ያህል አይፈጅም ብሎ ሲከራከር ደብተሩ ይወጣል። የቀኙን ዓምድ አንድም ቀን ባዶ ትተውት አያውቁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚጣን ለግማሽ ሰዓት አናፍሼ አመጣታለሁ ብለው ይዘዋት ወጡ። ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። ጸሐፊዋ ሥራውን ጨርሳ መስኮት ላይ ቆመች፤ ግራ ጆሮዋ ምንም አይሰማም፤ መድኃኒቱን ይዘው ይሆን? ጫማዋን ልታጠልቅ ስትል በሩ ተከፈተ። ሚጣ ሁለት እጇን ሞልታ ቆርኪ ይዛ ገባች፤ ሽማግሌው ከኋላዋ እያለከለኩ።

“ስድስት ደቂቃ አሳለፉ ጋሼ” አለች፣ ፊቷን ቋጥራ።

“ቆርኪ ባየች ቁጥር ቆመች” አሉ ባለሰዓቱ። “ልጅ ይዞ በሰዓት መድረስ እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።”

ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ዘረጉላት።

“ጻፊኝ” አሉ።

ጻፈቻቸው። እስክሪብቶውን ግን አልመለሰችላቸውም።